«እሺ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባልሽ አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ደሞዙንም አይደብቅም። ግን አንድ ነገር ስትጠይቂው «እሺ» ብሎ ዝም ሲል ደምሽ ይፈላል። ባለፈው ሳምንት የውሃ በርሜል እንዲገዛ ጠይቀሽው «እሺ» ስላለሽ ብቻ ሦስት ቀን ተኳረፋችሁ። «አብጄ ይሆን?» ትያለሽ። አላበድሽም።

ቁጣው ከቃሉ በልጧል። ቃሉ ሌላ ነገር እየጎተተ የሚያመጣብሽ ይመስለኛል። ምን እንደሆነ ግን እኔ አልገምትልሽም፤ የምታውቂው አንቺው ነሽ። በእኛ በሥነ ልቦና ሙያ «ፍሪ አሶሲዬሽን» የሚባል ዘዴ አለ፤ ሐሳብን ሳይመርጡ፣ ሳያርሙ እንደመጣ መልቀቅ ማለት ነው። የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ሂፕኖሲስን (ታካሚውን አፍዝዞ ማከምን) እየተወ ወደዚህ የዞረው በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ታካሚውን፣ ባቡር ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጠህ ውጭ የምታየውን ሁሉ አጠገብህ ላለው ሰው የምትነግር መንገደኛ ሁን ይለው ነበር። አንቺም ጠዋት ወደ ቃሊቲ ስትሄጂ ታክሲው መስኮት ዳር እንደተቀመጥሽ አስቢው፤ በግ ካለፈ በግ፣ የድንጋይ ክምር ካለፈ የድንጋይ ክምር፣ «ይሄ ደግሞ ምን አገናኘው» ብለሽ አንዱንም ሳትዘይ።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወረቀት ያዢ። ከላይ «እሺ» ብለሽ ጻፊ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ የመጣልሽን ሁሉ። ያሳፈረሽንም፣ የማይረባ የመሰለሽንም። እጅሽ የት ላይ ቆመ? እዚያ ጋ ምልክት አድርጊ። የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ዙሪክ ውስጥ ቃል እየጠራ መልሱ ስንት ሰከንድ እንደሚዘገይ በሰዓት ይለካ የነበረው ለዚህ ነው፤ መዘግየቱ ቃሉ ስሜት እንደነካ ይጠቁመው ነበር። ሐሳብን እንደመጣ መልቀቁን ጸሐፊዎችም ይጠቀሙበታል፤ ጀርመናዊው ሉድቪግ በርነ በ1823 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ለሚጀምሩ ሰዎች ሦስት ቀን ወደ ጭንቅላታችሁ የመጣውን ሁሉ ሳታስመስሉ ጻፉ ብሎ መክሯል። አንቺም ሦስት ማታ ሞክሪው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የመጣልሽ ትዝታ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ «ለካ አንተ እንደ እገሌ ነህ» ብለሽ ባልሽ ላይ እንዳታወጪው። እሱንም «በል ምን መጣልህ?» እያልሽ አትመርምሪው፣ ተገዶ የሚወጣ ነገር ነጻ አይደለምና። እንቅልፍ የሚነሳ ከባድ ነገር ከመጣብሽ ደግሞ ወረቀቱን ዝጊና ባለሙያ ፊት ቀርበሽ ተነጋገሪበት፣ ብቻሽን አትሸከሚው።

የበርሜሉን ነገር ግን ዛሬውኑ አንሺለት። «እሺ» ካለሽ ድምፅሽን አለስልሰሽ «መቼ?» በይው።