መልስ፦ የሠራተኞችን ፓስወርድ እዚያው እንዲቀይር ለኮምቦልቻው ቅርንጫፍ ልጅ የዶሜይን አድሚን (የድርጅቱን ኔትወርክ በሙሉ የሚያዝ) ሥልጣን ልስጠው ወይ?

ኧረ አትስጠው ወንድሜ! የኮምቦልቻ ሠራተኞች ፓስወርድ በረሱ ቁጥር ደሴ እየደወሉ ቢያሰለቹህም፣ ለዚህ ብለህ ሙሉ ሥልጣን አይታደልም።

አክቲቭ ዳይሬክቶሪ (የሠራተኞች አካውንት የሚተዳደርበት የዊንዶውስ ሲስተም) ውስጥ ለኮምቦልቻ የራሱን ኦዩ (አካውንቶችን ለይቶ የሚይዝ ክፍል) ክፈት፤ የቅርንጫፉን አካውንቶች እዚያ አስገባ። ሴኪዩሪቲ ግሩፕ (ፈቃድ በጋራ የሚሰጠው ቡድን) ፍጠርና ልጁን አባል አድርገው። ኦዩው ላይ ራይት ክሊክ፣ «ዴሊጌት ኮንትሮል»፣ ከዚያ ለግሩፑ ፓስወርድ ሪሴት ማድረግን ብቻ ምረጥ። ለልጁ በስሙ አትስጥ፤ ሥራ ሲለቅ ማጽዳቱ ራስ ምታት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የሥራ አስኪያጁ አካውንት ዶሜይን አድሚንስ ውስጥ ካለ (መቼም አይጠፋም!) ልጁ ፓስወርዱን መቀየር አይችልም። ሲስተሙ የእነዚህን አካውንቶች ፈቃድ በየ60 ደቂቃው ወደ ራሱ ቅጂ ይመልሰዋል፤ ኦዩው ላይ የሰጠኸው ፈቃድ አይደርሳቸውም። መጀመሪያ ከዶሜይን አድሚንስ አውጣው፤ ከዚያ አካውንቱ ላይ ኢንሄሪታንስን (ከኦዩው ፈቃድ መውረስን) መልሰህ አብራ፣ በራሱ አይመለስም።