«እኔ ጋ አይቶ ቴሌግራም ላይ ይገዛል»፦ ለአንድ የባሕር ዳር መጽሐፍ ሻጭ የተሰጠ የሕግ ምክር

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ብዙም ሳይርቅ መጽሐፍ ቤት አለኝ። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ መጽሐፍ በኦንላይን የሚሸጥ ድርጅት አለ፤ አሁን ራሱ ማሳተም ጀምሯል። ጀርባው ላይ 400 ብር የተጻፈበትን መጽሐፍ ለእኔ በ320 ሰጠኝ። በሳምንቱ በቴሌግራም ቻናሉ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ድረስ እያደረሰ፣ በ300 ይሸጠው ጀመር። ተማሪው እኔ ጋ መጥቶ መጽሐፉን ያገላብጣል፣ ሽፋኑን ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ ውልቅ ይላል። ቻናሉ ላይ ደግሞ የእኔን ሱቅ በስም ጠርቶ «መጽሐፉን በ500 ብር ነው የሚሸጥላችሁ» ብሎ ለጥፏል። እኔ ከ400 አልፌ አላውቅም። አሁን ለአዲሱ መጽሐፍ 50 ቅጂ ውሰድ እያለኝ ነው። የከተማችን መጽሐፍ ሻጮች ተሰብስበን የእሱን መጽሐፍ ማንም እንዳያስገባ ልንስማማ አስበናል። አንዱማ «ኮፒ አድርገን በ150 እንልቀቀው» ብሏል። ልከሰው እችላለሁ? ስምምነታችንስ ችግር ያመጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከስብሰባው ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። እዚያ ስብሰባ ላይ ምንም እንዳይፈርሙ። በቃልም «እሺ» እንዳይሉ።

የእሱን መጽሐፍ አላስገባም ማለት መብትዎ ነው። ሱቁ የእርስዎ፣ መደርደሪያው የእርስዎ። አሜሪካ ውስጥ ይኸው ጠብ ተነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ባርንስ ኤንድ ኖብል የተባለው ትልቁ የመጽሐፍ መደብር፣ የኦንላይን ሻጩ አማዞን ራሱ የሚያሳትማቸውን መጻሕፍት በሱቆቼ አላስቀምጥም አለ። ቅሬታው አማዞን ደራሲዎችን ለብቻው እያስፈረመ የመጽሐፉን ኤሌክትሮኒክ ቅጂ ሌላ ሻጭ እንዳያገኘው ያደርጋል የሚል ነበር። ይህን የወሰነው ግን ስለ ራሱ ሱቆች ነው። የእናንተ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። እርስ በርስ የምትፎካከሩ ነጋዴዎች ተሰብስባችሁ «ከእገሌ ማንም አይግዛ» ካላችሁ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አንቀጽ 7 የሚከለክለው ፀረ ውድድር ስምምነት ውስጥ ልትገቡ ትችላላችሁ። የተፈረመ ወረቀት የለም ብላችሁ አትጽናኑ፤ ቡና ላይ ተነጋግሮ በኅብረት ማድረግም እዚያው ይወድቃል። ቅጣቱ ከዓመት ሽያጭ ላይ በመቶኛ የሚሰላ ነው። የከፋው ደግሞ ዛሬ ተበዳይ ሆነው ነገ ተከሳሽ መሆንዎ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ ይህ እንዲደርስብዎ አልፈልግም።

ስለ ኮፒው ብዙ አልልም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወንጀል ነው፣ ያሳስራል። ደግሞ የሚጎዳው አሳታሚው ብቻ አይደለም፤ ደራሲውም ነው። ያንን ሰው ያርቁት።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ከእርስዎ 320 ተቀብሎ ለተማሪው በ300 መስጠቱ ያናድዳል። እኔንም አናዶኛል። ግን መናደድና ክስ ይለያያሉ። በንግድ ውድድር አዋጁ አንቀጽ 5 መሠረት፣ ተፎካካሪን ለመጉዳት ከማምረቻ ወጪ በታች መሸጥ የተከለከለው የገበያ የበላይነት ላለው ነጋዴ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። አንደኛ ሰውዬው ገበያውን እንደፈለገ የሚያደርግ መሆኑን፤ ጥቂት መጻሕፍት ያሳተመ ሰው ላይ ይህን ማሳየት ይከብዳል። ሁለተኛ 300 ብሩ ከወጪው በታች መሆኑን። እሱ ግን አሳታሚም ሻጭም ነው፤ ለማተሚያ ቤቱና ለደራሲው ከከፈለ በኋላ በመሃል የሚያካፍለው ሰው የለም። የእርስዎ መግዣ 320 መሆኑ የእሱ ወጪ 320 ነው ማለት አይደለም። በዚህ ነጥብ ክስ ከፍተው ገንዘብዎን እንዳይጨርሱ።

«ታዲያ ከጀርባው ዋጋ በታች ማንም እንዳይሸጥ እናስፈርመው» የሚሉኝ መጽሐፍ ሻጮች አሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ይህ በሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ሕግ መሠረት ሻጭ ከመጽሐፉ ዋጋ ላይ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ አይችልም። እኛ ጋ ግን እንዲህ ያለ የመጽሐፍ ዋጋ ሕግ የለም። እንዲያውም አቅራቢና ቸርቻሪ ተስማምተው ዝቅተኛውን የችርቻሮ ዋጋ መወሰን በአንቀጽ 7 የተከለከለ ነው። ይህንንም ይተዉት።

የእርስዎ ጠንካራ ጉዳይ ያችኛዋ ጽሑፍ ናት። ሱቅዎን በስም ጠርቶ፣ 400 የሚሸጡትን 500 ይሸጣል ብሏል። ይህ ሐሰት ነው፣ ስምዎንም ያጎድፋል። የአዋጁ አንቀጽ 8 የተፎካካሪን ስም በሐሰት ማጉደፍን ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር ይለዋል፤ እዚህ ላይ የገበያ የበላይነቱን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። የ400 ብር ደረሰኞችዎን ሰብስበው ያስቀምጡ። አቤቱታው የሚቀርበው ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው፤ ድሮ ጉዳዩን ይይዝ የነበረው ባለሥልጣን ፈርሶ ሥልጣኑ ወደዚያ ተዛውሯል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ገጽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፉለት፦ ጽሑፉን አንሳ፣ በዚያው ቻናል ማስተካከያ አውጣ።

የ50ውን ቅጂ ነገር እንመልከት። እስካሁን ከእሱ ጋር ያለዎት ወረቀት የርክክብ ደረሰኝ ብቻ ይመስለኛል። የተጎዱት እዚህ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው፤ እርስዎ ግን የሚጠቅሱት ውል የለዎትም። እሱ መጽሐፉ ሱቅ ውስጥ እንዲታይለት ይፈልጋል፤ ያ ተማሪ ሽፋኑን ፎቶ የሚያነሳው እኮ እርስዎ ጋ ነው። ስለዚህ መደራደሪያ አለዎት። ሸጬ ልክፈል ይበሉት። ያልተሸጠው በእሱ ወጪ ይመለስ። ዋጋ ከቀነሰ፣ በዚያ ቀን መደርደሪያዎ ላይ ላለው እያንዳንዱ ቅጂ ልዩነቱን ያካክስ። ይህ በስንት እንደሚሸጥ አይወስንበትም፣ ዋጋ ሲሰብር ኪሳራው እርስዎ ላይ እንዳይወድቅ ብቻ ያደርጋል። መጽሐፉ ደግሞ ቻናሉ ላይ በወጣበት ቀን እርስዎም ጋ ይድረስ። እምቢ ካለ 50ውን ይተዉለት፤ ለብቻዎ፣ ከማንም ጋር ሳይማከሩ።

ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ግን ስክሪንሾት ያንሱ፤ የቻናሉ ስምና ቀኑ በደንብ ይታይ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል። ጽሑፉን ያዩ አንድ ሁለት ደንበኞችም ካሉ ስልካቸውን ይያዙ። ደብዳቤው እንደደረሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጽሑፉን ማጥፋት ነው።