ሳሎን ውስጥ የሥራ ጥግ፦ ስፖንጁን ይመልሱት

ጥያቄ፦ ጀሞ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሥራዬ ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ደንበኛ ማነጋገር ነው። መኝታ ቤት ልጄ ይተኛል፣ ሳሎን እናቴ ቲቪ ታያለች። አከራያችን ግድግዳ መብሳት አይፈቅዱም። ጥጌ ላይ የምለጥፈው ስፖንጅ ገዝቻለሁ። ይረዳኛል?

ስፖንጁን ገና ካልከፈቱት ይመልሱት። ስፖንጅ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ አያቆምም። ሥራው ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት መቀነስ ነው። ሶፋ፣ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ባለበት ሳሎን ያ ድሮም ችግር አይደለም። የእንቁላል ካርቶንም ያው ነው። ደግሞ ተራ ስፖንጅ እሳት ከነካው ወዲያው ይያያዛል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና በሚፈላበት ቤት እኔ አልለጥፍም።

ድምፅ የሚያቆመው ክብደት ነው፤ ክብደቱም ቀዳዳ ከሌለው ብቻ። አናጢ ነኝ፤ ይህን በኪሳራ ነው የተማርኩት። አንድ ቤት ጂብሰም ቦርድ ግድግዳ ሠራሁ፤ ግን ኮርኒሱ ላይ አቆምኩት፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሶሌታ (የኮንክሪቱ ጣሪያ) ድረስ አላደረስኩትም። ድምፁ በኮርኒሱ ላይ ዘሎ መጣ። ባለቤቱ «የግድግዳ ሥዕል ነው የሸጥክልኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከግድግዳው ስፋት ከመቶ አንድ እጁ እንኳ ክፍት ከቀረ፣ ግድግዳው ምንም ቢወፍር ድምፁን ከ20 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) በላይ አይቀንስም።

እርስዎ ግድግዳ መሥራት አይችሉም። ቁምሳጥን ግን አይጠፋም። ልብስ የሞላ ቁምሳጥን ከባድ ነው። መስኮቱ ያለበትን ጥግ ይምረጡና ጀርባውን ወደ ቲቪው አዙረው ያቁሙት። ጀርባውን በጣትዎ ያንኳኩት፤ ከበሮ ነው። ቀጭን ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ነው። በልኩ የተቆረጠ 16 ሚሊ ቺፑድ ያስመቱበት፣ በመሃል አሮጌ ብርድ ልብስ ያስገቡ። ከዚያ እንደገና ቢያንኳኩት ድምፁ «ድፍ» ይላል። ከሥርና ከግድግዳው ጋር የሚቀረውን ክፍተት በተጠቀለለ ፎጣ ይድፈኑት።

አንድ ነገር አደራ። ብቻውን የቆመ ቁምሳጥን ልጅ ሲንጠለጠልበት ይወድቃል። ግድግዳ መብሳት ስለማይቻል ከመጽሐፍ መደርደሪያ ጋር በኤል ቅርጽ በቪት ይታሰር፤ ከባድ ከባዱ ዕቃ ከታች ይሁን። ሲገፉት ከተወዛወዘ ሥራው አላለቀም።

ከላይ ግን ክፍት ነው፤ ስለዚህ ጸጥታ ይሰፍናል ብዬ አልዋሽዎትም። የቀረውን የሚያስተካክለው ማይክ ነው። የላፕቶፑ ማይክ ከአፍዎ 50 ሳንቲ ይርቃል እንበል፤ የጆሮ ማዳመጫ ማይክ ግን 5 ሳንቲ። አሥር እጥፍ ሲቀርብ ድምፅዎ ከቲቪው በ20 ዴሲቤል ያህል ጎልቶ ለደንበኛዎ ይደርሳል። በገንዘብ ካየነው ከእኔ ሥራ ሁሉ ይህ ይሻላል፤ ለአናጢ መናገር ባያስደስትም።

እናትዎን ማዳመጫ ያድርጉ አልልም፤ የእኔም እናት አታደርግም። ሶፋቸውን ግን ወደ ቲቪው ያስጠጉላቸው። ሲቀርቡ ድምፁን ራሳቸው ይቀንሱታል።

የቁምሳጥኑ በር የሚከፈተው ወደ እርስዎ በኩል ነው። ስለዚህ የእናትዎን ልብስ አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩ። አለበለዚያ ከደንበኛ ጋር እያወሩ ሳለ ነጠላቸውን ፍለጋ ይመጣሉ።