የአባ ጨጓሬ ቫይረስ ጂን ሲያመላልስ፦ ጥያቄና መልስ

ባኩሎቫይረስ በተፈጥሮው አባ ጨጓሬን የሚገድል ቫይረስ ነው። እኔ ግን ለዓመታት የሠራሁበት በሌላ ጠባዩ ነው፤ ጂን ተሸክሞ ወደ ሰውና ወደ ሌሎች አጥቢ እንስሳት ህዋስ ይገባል። የደረሱኝን ጥያቄዎች በተራ ልመልስ።

ይሄ ነገር አያስፈራም? ሰው ውስጥ ቢራባስ?

አይራባም። ህዋሳችን ውስጥ መግባቱ እውነት ነው። የራሱን ጂኖች የሚያበሩት ማብሪያዎች ግን ለነፍሳት ህዋስ የተሠሩ ናቸው፣ እኛ ጋ አብዛኞቹ አይሠሩም። ደግሞም እንግዳችን አይደለም። ቅጠላ ቅጠል ላይ በተፈጥሮ ይገኛል፣ ለተባይ መከላከያም ይረጫል። ሳናውቀው ስንበላው ኖረናል።

ታዲያ የተጫነው ጂን እንዴት ይሠራል?

የኛ ህዋስ የሚያውቀውን ማብሪያ አብረን እንጭንለታለን። ህዋሱ ቫይረሱን በትንሽ ከረጢት ይውጠዋል። ከረጢቱ አሲዳማ ሲሆን ጂፒ64 የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ቅርፁን ይለውጥና ሽፋኖቹን ያዋህዳል። ከዚያ ዘንግ የመሰለው እምብርት የህዋሱ ዲኤንኤ ወዳለበት ወደ ኒውክለስ ያመራል። የሰው ጉበት ህዋስ ላይ መሥራቱን በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 አሳዩ፣ ቦስተን ያሉት ደግሞ በ1996። ከዚያ በፊት፣ ከ1983 ጀምሮ፣ ነፍሳት ህዋስ ውስጥ ፕሮቲን ለማምረት ብቻ ነበር የሚፈለገው።

ለጂን ሕክምና የሚያገለግለው ትንሹ ቫይረስ፣ ኤኤቪ፣ እያለ ይሄ ለምን አስፈለገ?

ለቦታው። ኤኤቪ የሚሸከመው ወደ 4,700 የዲኤንኤ ፊደል ነው። ዲስትሮፊን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን ጂን መልእክት ብቻውን 11,000 ገደማ ስለሆነ አይገባለትም። ባኩሎቫይረስ የራሱ 134,000 ፊደል አለው፣ በዚያ ላይ ከ30,000 በላይ ሲጨመርበት ችሎ ይሸከማል።

እንዲህ ጎበዝ ከሆነ ለምን እስካሁን መድኃኒት አልሆነም?

ደም አሸነፈው። ብዙ ሰው ችግሩ ህዋስ ውስጥ መግባቱ ላይ ይመስለዋል፤ እሱስ ቀላሉ ነው። ደማችን ውስጥ ኮምፕሊመንት የሚባሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች አሉ፤ ቫይረሱን ገና ደም ውስጥ እያለ ያከሽፉታል። በደም ሥር የተሰጠ ቫይረስ ጉበት ሳይደርስ ያልቃል ማለት ነው።

ሦስት ዓይነት መላ ተሞክሯል። አንዱ፣ የኛ ህዋሳት ራሳቸውን ከኮምፕሊመንት የሚጠብቁበትን ፕሮቲን ቫይረሱ ሽፋን ላይ መትከል ነው። ሁለተኛው፣ እንደ ዓይንና አንጎል የደሙ መከላከያ የሚቀንስበት ቦታ በቀጥታ መስጠት። ልቤ ያለው ግን ሦስተኛው ላይ ነው፦ ህዋሱን ከሰውነት አውጥቶ፣ ውጭ ጂኑን ሰጥቶ መመለስ። ታይዋን ውስጥ አጥንት የሚያሳድጉ ጂኖችን ለጥንቸል ግንድ ህዋሳት በዚህ መንገድ ሰጥተው፣ ህዋሳቱን የጎደለ አጥንት ላይ ተክለዋል፤ አጥንቱም ሞልቷል።

ውጤቱ ዕድሜ ልክ ይቆያል?

አይቆይም። በሚከፋፈሉ ህዋሳት ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ነው። የቫይረሱ ዲኤንኤ ከክሮሞዞም ጋር ብዙም ስለማይጣመር፣ ህዋሱ በተከፋፈለ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፣ እኔ አልስማማም። አጥንት ከገጠመ በኋላ የአጥንት ማሳደጊያው መቆም አለበት። ዕድሜ ልክ ለሚፈለግ ፕሮቲን ግን ልክ ናችሁ፣ አይሆንም።

ልጄ ሄሞፊሊያ ቢ፣ ደም በቀላሉ የማይረጋበት የዘር በሽታ፣ አለበት። ይህ ሕክምና ይጠቅመው ይሆን?

እህቴ፣ ባዶ ተስፋ ልሰጥሽ አልፈልግም። ባኩሎቫይረስ ራሱ ጂን አድራሽ ሆኖ ፈቃድ ያገኘ ሕክምና የለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ለሄሞፊሊያ ቢ የተፈቀደው ሄምጀኒክስ ኤኤቪ ነው፣ የሚመረተውም በባኩሎቫይረስ አማካይነት ነፍሳት ህዋስ ውስጥ ነው። የተፈቀደው ለአዋቂዎች ነው። የልጅሽን የደም ሐኪም በስሙ ጠይቂው።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ጭኜ ነበር፣ ህዋሶቼ ግን ጨለማ ናቸው። የት ተሳሳትኩ?

መጀመሪያ ማብሪያውን እይ። የባኩሎቫይረሱ የራሱ ማብሪያ፣ ፖሊሄድሪን፣ ከሆነ በቃ፣ አጥቢ እንስሳት ህዋስ ውስጥ አይሠራም። በአጥቢ እንስሳት ህዋስ ውስጥ የሚሠራውን ሲኤምቪ የተባለ ማብሪያ አድርገው። ቀጥሎ የህዋሱን ዓይነት እይ፤ የጉበትና የኩላሊት ህዋሳት በደንብ ይቀበላሉ፣ የደም ህዋሳት ግን ያስቸግራሉ። ቫይረሱን ስትጨምር ሴረሙን (ህዋሶቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የደም ውሃ) አስወግድ። ይህም ካልሠራ ትንሽ ሶዲየም ቡቲሬት ጨምር፤ የተዘጋ ዲኤንኤ ይከፍታል። አታብዛው እንጂ፣ ህዋሶቹን ይገድልብሃል።