በየጠዋቱ ውሃ ካልተሞላለት የማይስብ የኩሬ ፓምፕ

ከደሴ፣ ከጢጣ አካባቢ የጻፉልን ጠያቂ በግቢያቸው ዝቅተኛ ጥግ ላይ 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የዓሣ ኩሬ አላቸው። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ከኩሬው 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በረንዳው ላይ ተተክሏል፤ ውሃውን በ9 ሜትር ጎማ ስቦ ወደ ማጣሪያ በርሜል ይሰጣል፣ ከበርሜሉም ውሃው ተመልሶ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ፓምፑ ጠዋት ጠዋት ውሃ ካልተሞላለት አይስብም። ከተሞላለት በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ደህና ይሠራና የሚያወጣው ውሃ ነጣ ብሎ አረፋ ይቀላቅላል፣ እየቀጠነ ይሄዳል፣ የፓምፑ ራስም ይግላል። አንድ ጠጋኝ መጀመሪያ ካፓሲተሩን (ሞተሩ እንዲነሣ የሚረዳውን የኤሌክትሪክ ዕቃ)፣ ቀጥሎ ሜካኒካል ሲሉን (በዘንጉ ዙሪያ ውሃ እንዳይወጣ የሚከላከለውን ማሸጊያ) ለውጦላቸዋል፤ አሁን ደግሞ 1 የፈረስ ጉልበት ያለው እንዲገዙ መክሯቸዋል። ልግዛ ወይ ነው ጥያቄያቸው።

አይግዙ። ከነገሩኝ ምልክቶች በመነሣት ፓምፕዎ ደህና ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ችግሩ ያለው ከፓምፑ በፊት፣ በመምጠጫው መስመር ላይ ነው። ካፓሲተሩ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ እያጉረመረመ ሳይዞር ይቀር ነበር እንጂ ሩብ ሰዓት በደንብ ሠርቶ አይደክምም። ሲሉ ተበልቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በሞተሩና በፓምፑ ራስ መካከል ባለው ክፍተት ውሃ ሲንጠባጠብ ያዩ ነበር። ነጣ ብሎ አረፋ የሚያወጣ ውሃ አየር የተቀላቀለበት ውሃ ነው። ሌሊቱን ውሃው ተመልሶ መውረዱም ወይ ፉት ቫልቩ (በመምጠጫው ጫፍ ኩሬው ውስጥ ያለው፣ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚዘጋው ክዳን) በደንብ አይዘጋም፣ ወይ አንድ መጋጠሚያ አየር እያስገባ ነው ማለት ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ቢገኙ አልገረምም።

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ስፒናውን ከሶኬቱ ይንቀሉት። ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ የምንጠቀምበት ባለ ሁለት እግር ክብ ስፒና ተገልብጦ ሊሰካ ስለሚችል፣ ማጥፊያው የቆረጠው ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ ይሁን ሌላውን ማወቅ አይቻልም።

ትልቅ ፓምፕ ለምን እንደማይረዳዎ ግን ጥቂት ላስረዳ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ገንዘቡን በሞተር ላይ ሲያፈስ ይኖራል። ፓምፕ ውሃን አይጎትትም። ፓምፕ የሚያደርገው በራሱ ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው፤ ውሃውን በጎማው ውስጥ ወደ ላይ የሚገፋው በኩሬው ገጽ ላይ የተጫነው የአየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ የአየር ክብደት ፍጹም ባዶ በሆነ ቧንቧ ውስጥ ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ድረስ ከፍ ማድረግ ይችላል። ደሴ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ከላያችን ያለው አየር ያንሳል፤ እዚህ ወሰኑ 7.6 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርሱ ወደ 8.3 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ በብዙ ትናንሽ ፓምፖች ላይ "8 ሜትር ይስባል" ተብሎ የሚጻፈው ደሴ ላይ በየትኛውም ፓምፕ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ከ7.6 ሜትሩ ላይ የእርስዎን 3 ሜትር ከፍታ ይቀንሱ፤ ፓምፑ ራሱ ያለ ሁከት ለመሥራት የሚፈልገውን 2 ወይም 3 ሜትር ይቀንሱ፤ የቀረው 2 ሜትር ገደማ በጎማው ውስጥ ላለው ሰበቃ (ውሃው ከጎማው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ ለሚባክነው ግፊት) ብቻ የተተወ ነው። የ1 የፈረስ ጉልበት ሞተር የአየሩን ክብደት አይጨምርም፤ እንዲያውም ብዙ ውሃ ለመውሰድ ስለሚሞክር ሰበቃውን ያባብሰዋል፣ ስስ ጎማ ከሆነም ጨፍልቆ ያጣብቀዋል።

አሁን ወደ ላኩልኝ ፎቶግራፍ ልመለስ። የፓምፑ መግቢያ 1 ኢንች ሆኖ ሳለ ጠጋኙ በሪዱሰር አጥብቦ የግማሽ ኢንች የአትክልት ማጠጫ ጎማ ገጥሞበታል። ያው የውሃ መጠን በግማሽ ኢንች ሲያልፍ የሚፈጠረው ሰበቃ በ1 ኢንች ከሚፈጠረው ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ከላይ የቆጠርነው 2 ሜትር በዚህ ጎማ ውስጥ ገና መንገድ ላይ ያልቃል። ይባስ ብሎ ጎማው በኩሬው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ወጥቶ፣ ተመልሶ ወርዶ፣ እንደገና ይወጣል፤ በዚያ ጉብታ ላይ አየር ይጠራቀማል። በሪዱሰሩ ላይ የተጠመጠመው የጎማ ላስቲክና ጥቁር ናስትሮ ደግሞ ጥገና ሊባል አይገባውም። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሰው ገንዘብ መቀበል በእውነት ያሳዝነኛል።

የመምጠጫ መስመር ቀዳዳ ውሃ ስለማያንጠባጥብ በዓይን አይታይም፤ በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ ውሃ ከመውጣት ይልቅ አየር ይገባል። ለማግኘት ግፊቱን መገልበጥ ነው። ስፒናውን ይንቀሉ፣ ጎማውን ከፓምፑ ይፍቱ፣ አፉን ከፓምፑ ከፍታ በላይ ቀጥ አድርገው በገመድ ይሰሩት፤ ፉት ቫልቩ ኩሬው ውስጥ እንዳለ እስከ አፉ ውሃ ይሙሉትና አንድ ሰዓት ይተዉት። መጋጠሚያ ላይ እርጥበት ካዩ ቀዳዳው እዚያ ነው። ሁሉም ደረቅ ሆኖ ውሃው ከወረደ ግን ፉት ቫልቩ አይዘጋም። ይህ ሙከራ የፓምፑን መግቢያ ስለማይነካ፣ መስመሩ ደህና ከሆነ ያንን መጋጠሚያ ለብቻው ያያሉ፤ ፓምፑ እየሠራ ወፍራም የሳሙና አረፋ ሲቀቡት አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ አየር የሚያስገባው እርሱ ነው። በዚህ ጊዜ እጅዎ መጋጠሚያውን ብቻ ይንካ፤ ሽቦውንና ሞተሩን አይንኩ፣ በእርጥብ መሬት ላይም በባዶ እግርዎ አይቁሙ።

የፕላስቲክ ፉት ቫልቭ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ክዳኑ ከመቀመጫው ጋር በደንብ ስለማይገጥም አንዲት የቅጠል ቁራጭ እንኳ ክፍት ታደርገዋለች። የናሱን ይግዙ። ጎማውን ጥለው 1 ኢንች የሆነ፣ የማይጨፈለቅ ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ከኩሬው እስከ ፓምፑ ያለ ጉብታ፣ እየወጣ እንዲሄድ አድርገው ይዘርጉ። ቴፍሎኑን ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠምጥሙ፤ ገበያ ላይ ያለው በጣም ስስ ስለሆነ 10 ዙር ያህል ይስጡት። ፉት ቫልቩ ከውሃው ገጽ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ፣ ከደለሉም 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል፤ የኩሬዎ ጥልቀት ለዚህ ይበቃል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ፓምፑን ከበረንዳው ማውረድ ነው። ፓምፕ በመሳብ ደካማ፣ በመግፋት ብርቱ ነው፤ የእርስዎ ዓይነቱ ወደ ላይ 3 ሜትር መግፋት ምንም አይከብደውም። ከኩሬው ጠርዝ 2 ሜትር ያህል አርቀው፣ የክረምት ጎርፍ የማይደርስበት የሲሚንቶ መደብ ላይ ይትከሉት፤ በቆርቆሮም ይክደኑት። ነገር ግን ከማራገቢያው በስተኋላ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይተዉ። መደበኛ ሞተሮች እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው የሚሠሩ ስለሆኑ በደሴ ስስ አየር ቅዝቃዜ ያንሳቸዋል፤ ማፈን ደግሞ ይጎዳቸዋል።

ፓምፑ ወደ ኩሬው ሲቀርብ የኤሌክትሪኩ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። መስመሩ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን ወዲያው የሚያጠፋ ማጥፊያ) ይኑረው። ሶኬቱ የመሬት መስመር ምላስ ስላለው ብቻ አይመኑት፤ በብዙ ቤት ከበስተኋላው የተገናኘ ሽቦ የለም፣ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስለኩት። ሽቦ በናስትሮ ቀጥሎ በሣር ላይ መዘርጋት ፈጽሞ አይገባም። ዓሣ ለመያዝም ሆነ የፉት ቫልቩን ወንፊት ለማውጣት እጅዎን ወደ ኩሬው ከማስገባትዎ በፊት ስፒናው ተነቅሎ በዓይንዎ የሚታይ መሆን አለበት፤ ልጆችም ይህንኑ ይወቁ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓምፑ ብቻውን ይነሣል። መስመሩ ውሃውን ካልያዘ ደርቆ ይዞራል፣ አዲሱን ሲልም ያቃጥለዋል። ስለዚህ አዲሱ ፉት ቫልቭ እስኪገጠምና አንድ ሌሊት ውሃ እስኪይዝ ድረስ ቤት ከሌሉ ተሰክቶ አይደር።

በክረምት የፉት ቫልቩን ወንፊት በየሳምንቱ ይጠቡ፤ በበጋ በወር አንዴ ይበቃል። ይህ ዓይነት ትንሽ ፓምፕ ኢምፔለሩ (ውስጡ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ክብ) ከፓምፑ ግድግዳ ጋር እጅግ ተጠጋግቶ ስለሚዞር ደለል ቶሎ ይበላዋል፣ ለሳምንታት ከቆመም ይጣበቃል። ሞተሩ አጉረምርሞ አልነሣ ካለ ስፒናውን ይንቀሉና ከማራገቢያው በኩል ዘንጉን በካቻቢቴ ቀስ አድርገው ያዙሩት። ኩሬዎ 4,800 ሊትር ይይዛል፤ በደቂቃ 35 ሊትር የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓምፕ ምንም ከፍታ ሳይገጥመው እንኳ ያንን ለማዞር ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። አንድ ቀን ሲያረጅ የሚተኩት ከፍ አድርጎ በሚገፋ ሳይሆን ብዙ ውሃ በሚያሳልፍ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ይሁን፤ ያን ጊዜም 1 ኢንቹን ቧንቧ አያጥብቡት። መስመሩ ተስተካክሎም ውሃው ነጣ ማለቱን ካላቆመ ብቻ ፓምፑን ያስከፍቱና ጠጋኙ የገጠመው ሲል በትክክል መቀመጡን ያስፈትሹ።