«ሳነበው ይገባኛል፣ ፈተና ላይ ግን ይጠፋብኛል»

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ፣ የ12ኛ ክፍል ናቹራል ተማሪ ነኝ ከደሴ። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ በጣም አነባለሁ፣ ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት ቁጭ ብዬ ባዮሎጂውን ሦስቴ አራቴ እደግመዋለሁ፣ ሞዴል ፈተና ላይ ግን ጥያቄውን ሳየው «ይሄንንማ የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ» እላለሁ እንጂ መልሱ አይመጣልኝም። ከኔ ያነሰ የሚያነቡ ጓደኞቼ ይበልጡኛል። ጭንቅላቴ ችግር አለበት እንዴ?

መልስ፦ ጭንቅላትሽ ምንም አልሆነም እህቴ። አንድን ገጽ አራቴ ስታነቢው አይንሽ ይለምደዋል፣ ስለለመደው ደግሞ ያወቅሽው ይመስልሻል፣ ፈተናው ግን የሚጠይቅሽ መጽሐፉ ተዘግቶ ነው፣ እሱን ደግሞ አንድም ቀን አልተለማመድሽውም።

ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ይሄንኑ ሞክረውታል። ተማሪዎች አንድ ጽሁፍ አነበቡ፣ ከዛ አንዱ ቡድን ያንኑ ጽሁፍ እንደገና አነበበ፣ ሌላው ግን ጽሁፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ (ሁላችንንም የሚሸውደን እኮ ይሄ ነው)፣ ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፣ የጻፉት 56% ሲያስታውሱ ያነበቡት 42% ላይ ቀሩ።

ስለዚህ ለምሳሌ ሚቶሲስን (የሴል ክፍፍልን) አንዴ በደንብ አንብቢና መጽሐፉን ዝጊው፣ ባዶ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ክሮሞዞሙ ምን እንደሚሆን ጻፊ፣ አልመጣልሽ ካለ ስዕልም ይሁን ምንም ይሁን ሞነጫጭሪ፣ ከዛ ክፈቺና በቀይ እስክርቢቶ አርሚ። ደግመሽ የምታነቢው ቀይ የሆነውን ብቻ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ከባዶ ጀምሪ። መጀመሪያ ያናድዳል፣ ምንም የማታውቂ ይመስልሻል፣ እንዳታቋርጪው። ሂሳብና ፊዚክስ ላይ የተሰራ ጥያቄ እያየሽ «ገባኝ» ማለት ከዚህም የባሰ ነው፣ መልሱን ሸፍኚና ራስሽ ስሪው።

ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ስትሰሪ ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪ፣ ሰዓት ያዢ። ስትጨርሺ ያገኘሽውን ማርክ ከመቁጠር ይልቅ የሳትሽውን መርምሪ፣ ሳታውቂው ነው፣ ሰዓት አልቆብሽ ነው ወይስ እንግሊዝኛው ነው? ትምህርቱን እያወቀች «ኤክሰፕት» («በስተቀር») የምትለዋን ቃል ዘላ የምትሳሳት ተማሪ ስንት አለች መሰለሽ።

ሌሊት ስምንት ሰዓቱን ግን ተዪው። ይገባኛል፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50% እና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3% ብቻ ናቸው ከተባለ ወዲህ ሁሉም ሰው እንቅልፉን መሰዋት ያለበት ይመስለዋል፣ ጫት ምናምን የሚጀምሩም አሉ። ቀን ያጠናሽው የሚረጋው ስትተኚ ነው። ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተሽ የምትፈተኚ ከሆነ በማታውቂው ዶርም፣ በጫጫታ መሃል ነው የምታድሪው፣ እንቅልፍ ጠግበሽ ብትሄጂ ይሻልሻል።

ጥያቄ፦ አስተማሪያችን «የመጀመሪያ መልሳችሁን አትቀይሩ» ይለናል፣ እውነት ነው? የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እኛም ተማሪ እያለን ተብለናል ወንድሜ፣ ግን ልክ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1,500 በላይ የፈተና ወረቀት ላይ የተሰረዙ መልሶች ተቆጥረው ነበር፣ ከተቀየሩት 51% ከስህተት ወደ ትክክል፣ 25% ብቻ ከትክክል ወደ ስህተት ናቸው። ቀይረህ የሳትካት ጥያቄ ታንገበግባለች፣ ቀይረህ ያገኘሃትን ግን ማንም አያስታውሳትም፣ ወሬው የቆየው ለዛ ይመስለኛል። ስለፈራህ ብቻ አትቀይር፣ «ይሄን ቃል አላየሁትም ነበር» የሚል ምክንያት ካለህ ግን ቀይር። ወረቀት ላይ የምትፈተን ከሆነ ደግሞ የበፊቱን በጥሩ ላጲስ አጥፋው፣ ሁለት ክብ የጠቆረበትን ማሽኑ ትክክል አይልልህም።