ዝተቱን ግለጡት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ገና የተመረቀ አዋላጅ ነርስ ቡና ጋበዘኝ። ብዙ ከተጫወትን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲስተር፣ እናት እጅዎ ላይ ስትሞት ለቤተሰቡ ምን ይሉ ነበር?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ሌላ ወሬ አነሳሁና ተለያየን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ለእሱ ያልመለስኩትን ለሁላችሁም፣ ለወጣት አዋላጆች፣ ልጻፈው።

1988 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ታኅሣሥ። መንዝ ውስጥ አንዲት ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። የመንዝን የታኅሣሥ ውርጭ ያየ ያውቀዋል፤ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት ላዩ በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ውሻ ጮኸ፤ ከዚያ የሰው ድምፅ መጣ። ስድስት ወንዶች እየተፈራረቁ በቃሬዛ ያመጧት ወላድ ናት። ሦስተኛ ልጇ ነው፤ ምጥ ከያዛት አንድ ቀን አልፏታል። የመንደራቸው የልምድ አዋላጅ፣ አንዲት አሮጊት፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ተከትለው መጥተዋል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዲፕሎማዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አሮጊቷን «እርስዎ ውጭ ይቆዩ» አልኳቸው። አንድ ቃል ሳይናገሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ልጁ ተወለደ። ወንድ ነው፤ ወዲያው ጮኸ። የእንግዴ ልጁም ብዙ ሳያስቸግር ወጣ። ውጭ እልልታው ቀለጠ፤ ሴቶቹ በበሩ ብቅ እያሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል። እሷ ትንቀጠቀጣለች። በርዷት ነው ብዬ ባሏ ያመጣውን ዝተት ከሥርም ከላይም ጠቅልዬ እስከ አገጯ አለበስኳትና ፋኖሱን ይዤ መዝገብ ልጽፍ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። የጻፍኩት ዛሬም አይጠፋኝም፦ «እናት ደህና፣ ልጅ ደህና»።

ግማሽ ሰዓት ይሆናል። «ውሃ ጠማኝ» አለች፤ ሰጠኋት። ትንሽ ቆይታ «ዓይኔን ጨለመኝ» ስትል ነው ዝተቱን የገለጥኩት። የመንዝ ዝተት ወፍራም ሱፍ ነው። ደሙን ሁሉ ጠጥቶት አንዲት ጠብታ እንኳ መሬት አልወረደችም።

ሆዷን ስይዝ ማኅፀኗ እንደ ሊጥ ለስልሷል። ፊኛዋ ተወጥሯል፤ ሽንት መሽናት አለመሽናቷን አልጠየቅኩም ነበር። ማኅፀኗን አሸሁ፣ ሽንቷን በቱቦ አወጣሁ፣ ማኅፀን የሚያጨብጠውን መድኃኒት፣ የነበረኝን ኤርጎሜትሪን ወጋሁ፣ ግሉኮስ ሰቀልኩ። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። መኪና ፍለጋ ሰው ሮጠ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ የጭነት መኪና የተገኘው ከነጋ ነው፤ እሷ ዶሮ ሳይጮኽ አርፋለች።

በኋላ እንደሰማሁት፣ እኚያ አሮጊት ካዋለዱ በኋላ እጃቸውን ከወላዷ ሆድ ሳያነሱ እስኪነጋ ይቀመጡ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ቤት መውለድ ይሻላል ለማለት አይደለም፤ ቤት ሲወልዱ የሞቱትንም አይቻለሁ። ግን ያን ሌሊት እሳቸው ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ እያልኩ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ።

ለባሏ በር ላይ ቆሜ «የእግዜር ፈቃድ ነው» አልኩት። ያልኩት ይኸው ነው። እሱም «እርስዎ የቻሉትን አድርገዋል» ብሎ እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። ዝም አልኩ።

በአርባዋ ጠሩኝና ሄድኩ። መደቡ ላይ ከቄሱ አጠገብ አስቀመጡኝ፤ ጠላውን ከሁሉ አስቀድመው ለእኔ ቀዱ። «ልጁስ?» ብዬ ጠየቅኩ። አያቱ «እሱማ በሁለተኛው ሳምንት ብርድ መታውና ተከተላት» አሉኝ። ያን ጠዋት ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ሳስረክባቸው ምን እንደሚያጠጡት፣ እንዴት እንደሚያሞቁት አንድ ቃል አልነገርኳቸውም። ስለ ራሴ እያሰብኩ ነበር።

ልጁ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እናትየዋ ማኅፀን የሚያጨብጠውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ እንደምትወጋ፣ መድኃኒቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ እንዳለበት ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከእኛ የተሻለ ተምራችኋል፤ አምቡላንስም፣ የእናቶች ማቆያም በእናንተ ዘመን መጥቷል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ የ2008ቱ ጥናት 412 አለ። የእኔዋ ወላድ በ871ዱ ዘመን ናት። በ412ቱም ውስጥ ግን መዝገቡ ላይ «ደህና» ተብሎ የተጻፈላት አትጠፋም።

የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ፓርቶግራፉ፣ ምጡን እየተከታተሉ የሚሞሉት ቅጽ፣ ልጁ ከተወለደ በኋላ ባንድ ትንፋሽ ተሞልቶ አያለሁ። ወላድ አልጋ ላይ ተኝታ አዋላጇ ስልክ ላይ ናት። እኛ እንዲህ አልነበርንም ልል ነበር፤ ግን እኔም ሳላይ ጽፌያለሁ፤ ስልክ ሳይኖረኝ። በመውለጃዋ ሰሞን በየደቂቃው ግማሽ ሊትር ያህል ደም ወደ ማኅፀን ይሄዳል፤ ከወለደች በኋላ የማኅፀኑ ጡንቻ ካልጨበጠው ሌላ የሚገታው የለም። ስለዚህ በየ15 ደቂቃው፣ ለሁለት ሰዓት፣ ልብሱን ግለጡና በእጃችሁ ዳስሱ። ቢበርዳትም ግለጡ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሰው ሁሉ እልል የሚልበት ሰዓት ነው።

ከተጠራጠራችሁ ሳትፈሩ ሪፈር ጻፉ፤ ሆስፒታል ያሉት ቢቆጧችሁም ይቆጡ። ደግሞ ወረቀት ጽፎ ከኃላፊነት የሚሸሽም አይቻለሁ፤ መኪናው እስኪመጣም መንገድ ላይም እጅ ከሆዷ አይነሳም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ፣ ልጄ። ቆመህ አትንገራቸው፤ ተቀመጥ፣ እነሱንም አስቀምጥ። የሟቿ እናት ካለች አስቀድመህ እሷን አጠገብህ አድርግ። ሞተች በል፤ ደከመች፣ ጠናባት አትበል። ደም ፈሰሳት፣ ይህን ይህን አደረግን፣ ይህ ደግሞ አምልጦናል በል። የእግዜርን ነገር ለቄሱ ተወው። ቢጮኹብህ አትመልስ፣ ዝም ቢሉም ጥለሃቸው አትሂድ። ትንሽ ሲረጉ ሕፃኑን አምጣ። የአያቱን ወይም የአባቱን ደረት አስገልጠህ ገላውን ከገላቸው አጣብቅና በዝተቱ ከላይ ሸፍናቸው። በዘመዱ ውስጥ የምታጠባ ካለች እዚያው አስጠራት፤ ከሌለች ምን ወተት፣ ስንት ጊዜ፣ በምን ኩባያ እንደሚጠጣ እያሳየህ ንገራቸው። በሦስተኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤታቸው እንድትገባ ሳትደውልላት ደግሞ ከጤና ጣቢያው በር አይውጡ።